አራቱ ካርዶችና የሜክሲኮው ሰልፍ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ማን ቀድሞ እንደጠፋ አንከራከር፤ መቼም ትረቺኛለሽ።

ሰሞኑን ሜክሲኮ ለታክሲ ተሰልፌ ትዝ አልሽኝ። አንዱ ስልክ የሚያወራ መስሎ መሃል ላይ ሹልክ ብሎ ገባ። ሰልፉ በሙሉ በአንዴ ነቃ! ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ሁሉ ሳይቀር አየው። ፖሊስ የለ፣ ተራ አስከባሪው እንኳ ዞር ብሏል። አራት ኪሎ ስንማር «ሰው ያለ ዱላ ሕግ አይገባውም» ትይ ነበር አይደል?

ነገሩ የተጠና ነው። ፒተር ዌሰን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1966 እ.ኤ.አ. የአራት ካርድ ጥያቄ አመጣ። ካርዶቹ ባንድ ጎን ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አላቸው። የሚታዩሽ አንድ አናባቢ፣ አንድ ተነባቢ፣ 4 እና 7 ናቸው እንበል። ሕጉ «ባንድ ጎን አናባቢ ካለ በሌላው ተጋማሽ ቁጥር አለ» ይላል። መጣሱን ለማወቅ የትኞቹን ትገለብጫለሽ? መልሱ አናባቢውና 7 ነው፤ ከ7 ጀርባ አናባቢ ከተገኘ ሕጉ ተጥሷል፣ ከ4 ጀርባ ግን ምንም ቢኖር አይጣስም። ብዙ ሰው ግን 4ን ያነሳል። ከአሥር አንዱ ቢያገኘው ነው፣ የተማረውም ጭምር።

በ1982 እ.ኤ.አ. ግሪግስና ኮክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ፍሎሪዳ ውስጥ ጥያቄውን ወደ ቢራ ቀየሩት፦ ቢራ የሚጠጣ ሰው ዕድሜው ከ19 በላይ ይሁን። (እኛ ጋ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ 21 ሆኗል፤ ማን መታወቂያ ይጠይቃል እንጂ።) ያኔ ሦስት አራተኛው ያህል በትክክል መለሰ። ሌዳ ኮስሚደስ የተባለች ተመራማሪ ደግሞ በ1989 እ.ኤ.አ. አእምሯችን አጭበርባሪን፣ ማለትም የሚጠበቅበትን ሳያሟላ የሚጠቀመውን፣ ለማደን የተሠራ ነው ብላ ተከራከረች። ሁሉም አልተቀበላትም።

አደጋም ያነቃናል። «የፈሰሰ ደም የሚጠርግ ጓንት ያድርግ» ከተባለ ማንን ማየት እንዳለብን አይጠፋንም።

እኔን የገረመኝ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ነው። ከስሜት ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎቹ የተጎዱበት አንድ ሰው የጓንት ዓይነቱን ሕግ በደንብ ይመረምራል፤ አጭበርባሪ ፈልግ ሲሉት ግን ይቸገራል። ስለዚህ ሁለቱ ንቃቶች የሚለያዩ ይመስላል። ሰልፉን የቀሰቀሰውም ፍርሃት አይመስለኝም። ንዴት ነው። ዱላሽ እዚያ ቦታ የለውም።

ንዴትም ግን ጣሹን ብቻ ነው የሚያየው። ያን ቀን እዚያው ሰልፍ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ቆማ ነበር። «ቅደሚ» ያላት የለም። ሰልፍ ሰልፍ ነዋ!

አሁንም ታስተምሪያለሽ አይደል? እስቲ ተማሪዎችሽን መጀመሪያ በፊደሉ፣ ቀጥለሽ በዩኒፎርም ሕግ ፈትኛቸው። ውጤቱን በደብዳቤ ላኪልኝ፤ በስልክማ አታስወሪኝም።

ያንቺው