ገና በበረዶ ላይ፦ የስፖርት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የስፖርት ክበብ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የተከታተለው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሴቶች አይስ ሆኪ (በበረዶ ላይ በዱላ የሚጫወቱት ጨዋታ) ቡድን። ሚኒሶታ ተቀምጦ የጎረቤት ግዛት ቡድን መምረጥ መስከረም ላይ ክርክር ማስነሳቱ አልቀረም፤ አብዛኞቹ ልጆች የሚኒሶታ ደጋፊዎች ናቸውና። ምርጫው የጸናው በሁለት ምክንያት ነው። ዊስኮንሲን ያለፈውን ዓመት የጨረሰው በፍጻሜው በኦሃዮ ስቴት 1 ለ 0 ተሸንፎ ስለነበር ዘንድሮ ምን አስተካክሎ እንደሚመጣ ማየት ትምህርት ይሆናል ተባለ። የዘንድሮው ፍጻሜ ደግሞ እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ በሪደር አሬና እንደሚካሄድ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ይህ አሬና እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተ ሲሆን በአሜሪካ ለሴቶች የኮሌጅ ሆኪ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ሜዳ ነው።

የክበቡ ደንብ አንድ ነበር፦ ሜዳ ላይ የታየው ሁሉ በአማርኛ ይነገራል። ቃል ሲጠፋ ጨዋታው ይቆማል፣ ነገሩ እንደገና ይታያል፣ ከዚያ ስም ይወጣለታል። ዓመቱን ሙሉ እንደታዘብነው ቃል የጠፋለት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ልጆቹ በቅጡ ያላዩት ነገር ነበር።

መነሻችን የገና ጨዋታ ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ የምትመታ ሩር፣ ፊት ለፊት የሚፋጠጥ ሁለት ወገን፤ ከዚህ የቀረበ ድልድይ አይገኝም። ስለዚህ ዱላውን «ገና» ብለነው ዓመቱን ሙሉ በዚሁ ስም ሄደ። በሆኪ የምትመታዋን ፓክን «ሩር» እንበላት ያሉም ነበሩ። ጠጋ ተብሎ ሲታይ ግን ሩር ትንከባለላለች፣ ፓክ ትንሸራተታለች። ፓክ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረትና 7.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት፣ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም የሆነ ጠፍጣፋ ጎማ ናት። ጎማ ሲሞቅ ይነጥራል፤ በጠርዟ ከቆመች ደግሞ እንደ ሩር ትንከባለልና መቆጣጠር ያስቸግራል። ከጨዋታ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ የምትቀመጠው እንዳትነጥር ነው። ስለዚህ ፓክ ፓክ ተብላ ቀረች። የመንሸራተቻ ጫማውን በእንግሊዝኛ ስሙ እንዳንጽፈው «ስኬት» ከሚለው የራሳችን ቃል ጋር ይምታታል፤ «መንሸራተቻ» አልነው።

ገናውን ስለመምረጥ ወላጆች ደጋግመው ስለጠየቁ እዚህ መጻፉ ይጠቅማል። ልጁ በተራ ጫማ ቆሞ ገናው አፍንጫው ላይ፣ መንሸራተቻ አድርጎ ደግሞ አገጩ ላይ ቢደርስ ልኩ ነው። ዱላው ላይ የታተመው የፍሌክስ (የመተጣጠፍ) ቁጥር በፓውንድ ከተለካው የልጁ ክብደት ግማሽ ገደማ ይሁን፤ 80 ፓውንድ ለሚመዝን ልጅ 40 ማለት ነው። ያድግበታል ተብሎ የአዋቂ ዱላ ከተገዛለት ዱላው አይተጣጠፍለትም፣ ፓኳም ከመሬት አትነሳለትም። ልጁ ጉልበት የለኝም ብሎ ያስባል፤ ጥፋቱ ግን የዱላው ነው።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብን መንሸራተቻው ነው፤ የወሰደውም ጊዜ ይገባዋል። ልኩ ከተራ ጫማ በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ቁጥር ያንሳል። ቀጥ ብለው ሲቆሙ የእግር ጣት ጫፉን ነካ ማድረግ አለበት፤ ጉልበት ሲታጠፍ ተረከዝ ወደ ኋላ ገባ ይላል፣ ጣትም ይላቀቃል። ካልሲ አንድ ብቻ፣ እሱም ስስ ይሁን። ብርድ ፈርቶ ሁለት ወፍራም ካልሲ የደረበ ልጅ እግሩ ጫማው ውስጥ ይዋልልበታል፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ውኃ ቋጥሮም ይመለሳል። ክሩ ጣቶቹ አካባቢ ላላ፣ እግር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጠበቅ፣ አናቱ ላይ መልሶ ላላ ይላል። ሙሉውን አጥብቀው የሚያስሩ ልጆች ጉልበታቸውን ማጠፍ አይችሉም፤ ጉልበት ካልታጠፈ ደግሞ በረዶውን ገፍቶ መሄድ የለም።

የመንሸራተቻው ስለት እንደ ቢላ አንድ ጫፍ ያለው አይደለም። ወርዱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መሐሉ በድንጋይ ተፍቆ እንደ ቦይ ስለሚጎደጉድ በግራና በቀኝ ሁለት ጠርዝ ይቀራል፤ በረዶውን የሚይዙት እነዚህ ጠርዞች ናቸው። የቦዩ መጠን የሚነገረው በራዲየስ ነው። ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 13 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የተለመደው ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቦዩ ይጠልቃል፣ ጠርዙም አጥብቆ ይነክሳል፤ በዚያው ልክ መንሸራተቱ ይከብዳል፣ ለማቆም ሲሞከርም ስለቱ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ ሲበዛ ጫማው በቀላሉ ይፈሳል፣ መታጠፊያ ላይ ግን ያዳልጣል። ቀላል ልጅ በረዶውን የሚጫንበት ክብደት ስለሌለው ጠለቅ ያለው ይሻለዋል።

ከተሳለ በኋላ ሱቁ ውስጥ ሁለት ፍተሻ ይደረግ። ጫማውን ገልብጦ ሁለቱ ጠርዞች ላይ ሳንቲም አግድም ማስቀመጥና ከፊት ማየት፤ ሳንቲሙ ካዘነበለ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ይበልጣል፣ ልጁም በአንድ ጎን ብቻ ይወድቃል። ከዚያ የጥፍርን ጀርባ በጠርዙ ላይ ቀስ አድርጎ መሳብ፤ የተሳለ ከሆነ ስስ ነጭ ብናኝ ይፍቃል። ዘንድሮ ታህሳስ ላይ ከአንድ ሱቅ የመጡ ሦስት ጥንድ ጫማዎች በሳንቲሙ ፍተሻ ወድቀው ተመልሰዋል። ከዚያ በፊት ልጆቹ በቀኝ መታጠፍ አልሆነልንም ሲሉ የመሰለን የልምምድ ማነስ ነበር።

ስለቱን የሚጨርሰው ከበረዶው ይልቅ ሲሚንቶው ነው። ሁለት እርምጃ እንኳ ያለ መሸፈኛ መራመድ ጠርዙን ይሰብረዋል። ከበረዶ ሲወጣ በፎጣ መድረቅ አለበት፤ ጠንካራው የላስቲክ መሸፈኛ ለመራመጃ ብቻ ነው። እሱን እንዳጠለቁ ቦርሳ ውስጥ ማሳደር እርጥበቱን ይዘጋበትና በሳምንቱ ዝገት ይጠብቃችኋል። ለቦርሳ የጨርቁ ሽፋን ነው።

አወዳደቅ ከአካሄድ በፊት ተምረናል፦ ጉልበት አጥፎ በጎን መውደቅ፣ ወዲያው እጅን መጨበጥ። የተዘረጋ ጣት የሌላ ሰው ስለት መንገድ ላይ ይገኛልና ይህ ደንብ ያለ ድርድር ተጠብቋል።

ወደ ዊስኮንሲን ልመለስ። ቡድኑ የውድድር ዘመኑን በ38 ድል፣ በ1 ሽንፈትና በ2 አቻ ጨረሰ። ኬሲ ኦብራየን ጎልና አመቻችቶ ማቀበል ተደምሮ 88 ነጥብ አስመዝግባ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የምትሸለመውን የፓቲ ካዝማየር ሽልማት ወሰደች። ከሴቶች ልጆቻችን ብዙዎቹ ዓይናቸውን የጣሉት ግን ላይላ ኤድዋርድስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ለአሜሪካ ዋናው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በመሰለፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆነችው እሷ ናት፤ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ሻምፒዮናው ኮከብ ተጫዋች ተባለች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ85 ነው። ልጆቹ እሷን ሲያዩ የጻፉት ማስታወሻ ስለ ጎሎቿ አይደለም፤ ገናዋን ምን ያህል ርቀት እንደምትዘረጋና ፓኳን ከሰውነቷ አርቃ እንዴት እንደምትሸፍናት ነው። በዚህ ደስ ብሎናል።

የልጆቹን አስተያየት ከሥሩ የለወጠው ቃል «ፈረቃ» ነው። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ወገን በረኛዋን ጨምሮ 6 ተጫዋቾች በረዶው ላይ ይሆናሉ። አንዲት ተጫዋች ግን በሙሉ ኃይሏ የምትቆየው 45 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ ጨዋታው ሳይቆም ትወጣለች፣ ሌላዋ ትገባለች። ቀድማ ከገባች በረዶው ላይ 7 ሰው ይሆንና ቡድኑ የ2 ደቂቃ ቅጣት ይቆጠርበታል፤ ዘግይታ ከወጣች ደግሞ እግሯ ዝሎ ተቃራኒ ቡድን ያልፋታል። ልጆቹ በሰዓት መቁጠሪያ የዊስኮንሲንን ፈረቃዎች ሲለኩ አንድ ነገር አገኙ፦ ሁለተኛው 20 ደቂቃ ላይ ተከላካዮች ከሌላው ጊዜ የረዘመ ፈረቃ ሲሠሩ ይታያሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ የተቀያሪዎች ወንበር ባለበት ይቀራል፤ ስለዚህ ከራሳቸው ጎል አካባቢ እስከ ወንበሩ ያለው መንገድ ይረዝማል፣ የደከመ ተከላካይ መውጫ ያጣል። ይህን «ሩቅ ቅያሪ» አልነው። ከሁሉም ቃሎቻችን ትክክለኛው እሱ ይመስለኛል።

ስለ በረዶው አጭር ነው። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከሥሩ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚዘዋወርበት ቧንቧ የተቀበረበት ሲሚንቶ አለ። በየእረፍቱ የሚዞረው ዛምቦኒ የተባለው መኪና የበረዶውን ገጽ ይልጋል፣ ያጥባል፣ ከዚያ ሙቅ ውኃ ይረጭበታል። ሙቅ የሆነው የላይኛውን ገጽ ትንሽ አቅልጦ አብሮ እንዲረጋ ነው፤ ቀዝቃዛ ቢሆን ከላይ እንደ ቅርፊት ይቀመጥና ይላላጣል። ውኃው ሙሉ በሙሉ ሳይረጋ ጨዋታ ከተጀመረ የመጀመሪያዎቹ ፓኮች ይንቀረፈፋሉ።

ግማሽ ፍጻሜው ላይ ዊስኮንሲን ባለሜዳውን ሚኒሶታ 6 ለ 2 ረታ። በቀጣዩ ቅዳሜ ስለዚያ ጨዋታ ብዙ አላወራንም፤ የልጆቹ ፊት ይበቃ ነበር።

ፍጻሜው መጋቢት 14 (እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2025) ተካሄደ። ተጋጣሚው ለሦስተኛ ተከታታይ ፍጻሜ ያው ኦሃዮ ስቴት ነው። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች መጋቢት 20 እያቆምንና እየመለስን አየናቸው። ኦሃዮ ስቴት 3 ለ 2 ይመራል። ጎሉ ፊት ለፊት ግርግር አለ፣ ፓኳ ከእግሮች ሥር ናት። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ሰማያዊ ቀለም በተቀባው የበረኛዋ ክልል ውስጥ ከበረኛዋ በቀር ማንም ፓኳን በእጅ መሸፈን አይችልም፤ ከሸፈነ ለተቃራኒው ቡድን ቅጣት ምት ይሰጣል። ዳኞቹ ቪዲዮውን ተመልክተው ለዊስኮንሲን ቅጣት ምቱን ሲሰጡ ሰዓቱ ላይ 18.9 ሰከንድ ቀርቷል። የዊስኮንሲኗ ከርስተን ሲምስ ከመሐል ሜዳ ተነሳች። በቅጣት ምት ፓኳ ወደ ጎሉ አቅጣጫ ሳታቋርጥ መሄድ አለባት፤ በረኛዋ ከመለሰቻት ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለም። አስቆጠረች። ተጨማሪው ሰዓት በገባ በ2 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ያችው ሲምስ አራተኛዋን ጎል አገባች፤ ዊስኮንሲንም ስምንተኛ ዋንጫውን ወሰደ።

አሠልጣኙ ማርክ ጆንሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ አሜሪካ ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 ስታሸንፍ ሁለት ጎል ያስቆጠሩት እሳቸው ነበሩ፤ አንዷ የገባችው የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ሲቀር ነው። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው አግኝተው ከ18.9 ሰከንዱ ጎን ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ከዚህ ቅጣት ጋር ያነጻጸረ ክርክርም ተደርጓል። በገና ጨዋታ ሎሌው ጌታውን ቢመታ ዝም ይባላል፤ እዚህ ግን እጅ ፓክ ላይ ማረፉ ብቻ ዋንጫ ያሳጣል። የትኛው የተሻለ ጨዋታ እንደሆነ ልጆቹ አልተስማሙም፤ ክርክሩ የተካሄደበት አማርኛ ግን በዓመቱ ውስጥ ከሰማነው ሁሉ የጠራው ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት፦ መንሸራተቻዎቹ ደርቀው፣ በጨርቅ ተሸፍነው በቁጥራቸው ተደርድረዋል። ኅዳር ላይ ወደ በረዶ ከመውጣታችን በፊት ሁሉም ይሳሉ፣ በሳንቲምም ይፈተሹ። የቃላት ደብተሩ ለአዲሱ የክበቡ ጸሐፊ ተላልፏል። «ፎርቼክ»፣ ማለትም ተቃራኒ ቡድን ፓኳን ከራሱ ጎል አካባቢ እንዳያወጣ እዚያው ሄዶ መጫን፣ እስካሁን ስም አልወጣለትም። አንደኛው ወገን «ከደጃፋቸው ማፈን» ይላል፤ ሌላው ይህ የምታፍነውን አንዷን ብቻ ያሳያል፣ ከኋላዋ ሆነው ማምለጫውን የሚዘጉትን አራቱን ይረሳል ብሎ «መግቢያ መውጫ ማሳጣት» እንበለው ይላል። የመስከረሙ የመጀመሪያ ጨዋታ ታይቶ በድምፅ ይወሰናል።