«ቁጭ በይ» ላላችሁኝ ሰዎች

ኮሌራ ስናክምባቸው የነበሩት ድንኳኖች ማክሰኞ ተነቀሉ። የቆሙበት ሣር ገርጥቶ ቀርቷል። እኔም ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ቤቴ ገብቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ልጄ አቅፋኝ «እማዬ፣ አሁንም ክሎሪን ክሎሪን ትሸቻለሽ» አለችኝ። እስከዚያ አራት ጊዜ ታጥቤያለሁ።

ይህን የምጽፈው ማይክ ስለተሰጠኝ ነው። ድንኳኑ ከመነቀሉ በፊት በነበረው እሑድ የመዝጊያ ፕሮግራም ነበር። ሰርተፍኬት ታደለን። ላዩ ላይ «ጀግና» ይላል። ማይኩን ሲያቀብሉኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና አለቀስኩ። በቃ፣ ንግግሬ ያ ነበር። የቀረውን እነሆ።

የቀበሌዋን ስም አልጠራም። ጣና ዳር ናት፣ ኑሮዋ ዓሣ ነው። ስሟ አንዴ ከኮሌራ ጋር ከተነሣ ቆሮሶዋንና አምባዛዋን ማን ይገዛታል? በቢሮ ቋንቋ «አተት» ይባላል፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ለማለት። ሕዝቡ ግን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ኮሌራ ነው ያለው። እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ኮሌራ ጊዜ አይሰጥም። ጠዋት ታንኳ ሲቀዝፍ የነበረ ጎረምሳ ማታ በቃሬዛ ይመጣል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ድምፁ ጠፍቷል፣ የእጁ ምት አይገኝም። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንዲህ ሆኖ ከመጣ በ3 ሰዓት ውስጥ 5 ሊትር ሪንገር፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ መግባት አለበት። ከዚያ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩሉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት። ሰዉ ሁሉንም «ግሉኮስ» ይለዋል። ደም ሥሩ ግን ደርቆ ተጣብቋል፣ ካኑላው፣ ፈሳሹ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ፣ አልገባ ይላል፣ ከኋላህ ሌላ ቃሬዛ ይመጣል። የመጀመሪያው ሌሊት 19 ሕመምተኛ ነበረን። ነርሶቹ 3 ነን።

ሰው «ምኑ ነው ያስጨነቀሽ? ይተላለፋል ብለሽ ፈርተሽ ነው?» ይለኛል። አይደለም። እጅ ከታጠቡ፣ ጓንት ካደረጉ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስጨንቀው መዳኑ ነው። ኮሌራ በጊዜ ከታከመ ከ100 ሰው አንድ እንኳ መሞት የለበትም። ከሰዓታት በፊት ሬሳ የመሰለው ሰው ተነሥቶ ሽሮ አምጡ ይላል። እንግዲህ አንዱ ቢሞትብሽ ምን ሰበብ አለሽ? ይህን እያሰብኩ ተኝቼ እንኳ የሪንገሩን ጠብታ እቆጥር ነበር።

አስተባባሪያችን፣ መጀመሪያ እርስዎን ላመስግን። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሁለት አድርገው ሲያጣምሩን ሳቅንብዎ። «ጥንድሽን በየፈረቃው ሦስት ነገር ጠይቂ፤ በላሽ? ጠጣሽ? ሽንት ቤት ሄድሽ?» አሉን። እኛ ሥልጠና የጠበቅን ሰዎች! ትልልቅ ሴቶች አንዳችን ሌላችንን ሽንት ቤት ሄድሽ ወይ ብለን ልንጠይቅ? ግን የዚያን ጊዜ ካልጠየቁን ማንም አይሄድም። ኦአርኤስ፣ የሚጠጣውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ በሊትር በሊትር እየበጠበጥን ስንሰጥ ውለን እኛው ከንፈራችን ደርቆ እንወድቅ ነበር። አንዷ ወድቃለችም።

በስድስተኛው ቀን የሠራሁትን እርስዎ ያውቁታል። እዚህም ልናዘዘው። አንዲት እናት ለልጇ በማንኪያ ኦአርኤስ ስትሰጥ ሌሊቱን አንግታ እንቅልፍ ወሰዳትና ኩባያው ከእጇ ወደቀ። ጮኽኩባት። ሰው ፊት፣ ድንኳኑ እስኪሰማ። እሷ ምንም አላለችም፤ በነጠላዋ መሬቱን መጥረግ ጀመረች። እርስዎ መጡና «ቁጭ በይ» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ጓንቴን አውልቀው፣ እጄን አስታጥበው፣ ወደ ሐይቁ ላኩኝ። «አንድ ሰዓት። ስልክሽን ስጪኝ» አሉ። የእኔን አልጋዎች እርስዎ ያዙ፤ ያን ዕድሜ ይዘው፣ ያን ወገብ ይዘው። ስመለስ ከእናትየው አጠገብ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ልጄ፣ አንቺም እኮ አልተኛሽም» አለችኝ። እናቴ፣ ልጅሽ ዳነ፤ እኔ ግን ያችን ነጠላ እስካሁን አልረሳኋትም።

ጋሼ ክሎሪን! ስምዎን ትተን በዚህ ስንጠራዎ ተቀይመውን ነበር፤ በኋላ ግን ራስዎም በስልክ «ክሎሪን ነኝ» ማለት ጀመሩ። የክሎሪኑ መጠን ለእጅ 0.05 ከመቶ፣ ለትውከትና ለሬሳ 2 ከመቶ፤ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ከዚያ በፊት በዘጌ በኩል ጎብኚ በጀልባ እየወሰዱ ገዳማቱን ያሳዩ እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ጎብኚ ሲጠፋ ባልዲ ያዙ። ሌሊት ላይ፣ በርሜሉን እየበጠበጡ፣ ታሪክ ይነግሩን ነበር። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ዘጌ ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ሠራዊታቸው ውስጥ ገባ፤ ንጉሡም ሰፈሩን አስነሥተው ወደ ደብረ ታቦር በኩል ሄዱ። ይህን ከነገሩኝ በኋላ ያሉኝን አልረሳውም። «ያ ሁሉ ጀግና ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። አንቺ አንድ ሰዓት ብትሸሺ ምን ይላል?» አሉኝ። በዚያ ሌሊት ከስንት ቀን በኋላ ሳቅኩ። ሄጄም ተኛሁ።

አሁን ስለ ዓሣ አጥማጁ። ባለ ሁለት ልጅ ነበር፤ ከሩቅ ደሴት በታንኳ ነው ያመጡት። መንገዱ ረጅም ነው፣ ነፋስም ነበር። ሲደርስ ትንፋሹ ብቻ ነበር የቀረው። እኔና ጥንዴ በሁለቱም ክንዶቹ ሞከርን። አልሆነም። ለቅሶ እንደ ወጉ አልተለቀሰም፤ ማቀፍ የለም፣ ማጠብ የለም። ሚስቱ ሰው እንዳያልፍ ከተዘረጋው ገመድ ወዲያ ቆማ ነው የተሰናበተችው። ያን ቀን ሥራውን ትቼ ልሄድ ነበር። ባጃጅ የሚገኝበትን መንገድ ድረስ ወጥቻለሁ።

ዶክተር፣ በነጋታው ያደረግኸውን ነገር ማን እንዳስተማረህ አላውቅም። ስብሰባ አልጠራህም፣ «በርቱ» አላልክም። ቡና አስፈላህ። በረከቦቱ ዙሪያ አስቀመጥከንና የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምረን በተራ እንድንናገር አደረግህ። ስንት ሰዓት ደረሰ፣ ማን ተቀበለው፣ ምት ነበረው ወይ፣ በስንት ደቂቃ ካኑላ ተሞከረ። እኔ በራሴ ጭንቅላት ውስጥ «ዘገየሁ» ብዬ ነበር። ጥንዴ «ከቃሬዛው ሳይወርድ ነው የጀመርሽው፣ እኔ እዚያው ነበርኩ» አለች። ሌላዋ ማስታወሻውን አነበበች፤ እውነትም አልዘገየሁም። ሦስተኛው ስኒ ላይ ሁላችንም አለቀስን። አንተም ጭምር። ከዚያ ተነሥተን ወደ አልጋዎቹ ሄድን። ማታ እንጀራ በላሁ፤ ከዚያ በፊት አንድ ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም ነበር።

የቀበሌዋ ሴቶች፣ መጀመሪያ ላይ ፈርታችሁናል። ገበያ ስንወጣ መንገድ ትለቁልን ነበር። አልፈርድም፤ እኔም ብሆን እለቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ገመዱ ዳር የተሸፈነ ሰፌድ አገኘን። ትኩስ ሽሮ፣ ትኩስ እንጀራ። ማን እንዳመጣው አልታወቀም። በማግስቱም መጣ። ከዚያ ሳይቋረጥ መጣ። ሰፌዱን በክሎሪን እያጠብን ስንመልስ ስፌቱ ቀለሙን ለቀቀ፤ ስለ ሰፌዶቹ ይቅርታ።

ሽምብጥ ያለሽው ጎረቤቴ፣ ልጄን ከልጆችሽ ጋር ሰባት ሳምንት አሳደርሽልኝ። «ከበሽታ ቦታ የመጣች እናት ያላት ልጅ እንዴት ታስገቢያለሽ?» ያለሽ ሰው እንደነበር ሰምቻለሁ። ምን ብለሽ እንደመለስሽለትም ሰምቻለሁ፤ እዚህ አይጻፍም።

እማዬ፣ ሁልጊዜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወልሽልኝ። አንድም ቀን «ስንት ሰው ሞተ?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ ስለ እድር ጠብ ነገርሽኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ዓለም ድንኳን ሳይሆን ዶሮና እድር ነበረች። የሚገርመው፣ ዶሮዋ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገርሽኝም።

አበላችን እስካሁን አልገባም። ይህ የምስጋና መልእክት ስለሆነ አልፈዋለሁ። ግን «ጀግና» የሚል ወረቀት ለቤት ኪራይ እንደማይሆን አከራዬ ነግረውኛል፤ እየሳቁ ቢሆንም።

«እንዴት ቻልሽው?» ለምትሉኝም መልሴ ይኸው ነው። አልቻልኩትም። በስድስተኛው ቀን አልቻልኩትም፣ ዓሣ አጥማጁ በሞተ ቀንም አልቻልኩትም። ያን ጊዜ ሁሉ አልጋዎቼን የያዘልኝ ሰው ነበረ።

ጥንዴን ለመጨረሻ የተውኳት ስለማፍር ነው። እቅፍ አድርጌ ሳላመሰግናት ነው የተለያየነው፤ መኪናው ቸኩሎ ነበር። እሷ አሁን በሌላ ወረዳ ጤና ጣቢያ ሥራዋ ላይ ናት። ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለም፣ ምን የለም።

«በላሽ?»

አፌ ሞልቶ ስለነበር መልስ ለመስጠት ትንሽ ቆየሁ።