ታሪኩን ሰማን፤ ልብሱስ እንዴት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው እትማችሁ የራሳቸውን የልብስ ብራንድ ስለጀመሩ የአዲስ አበባ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል። ቲሸርትና ሁዲ ላይ ፊደላችንን፣ ታሪካችንን፣ የሰፈር ጨዋታችንን የሚያትሙ ልጆች ሙሉ ገጽ ሲሰጣቸው ማየት ያኮራል። ግን አንብቤ ስጨርስ ስለ ልብሱ የሚናገር አንድም ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። ጨርቁ ምንድን ነው? ህትመቱ በምን ተሠራ? ሲታጠብስ ምን ይሆናል? ልጁ ሥራውን እንዴት እንደጀመረ፣ ቤተሰቦቹ መጀመሪያ ምን እንዳሉት፣ ወደፊት ምን እንደሚያስብ ሁሉም አለ። ኪሱ ገብቶ የሚገዛው አንባቢ ማወቅ የሚፈልገው ግን የለም።

የህትመት ሥራ ውስጥ ቆይቻለሁ። ስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለምን በወንፊት ገፍቶ ጨርቅ ላይ ማተም፣ ሠርቻለሁ፤ በሙቀት እየተጫነ የሚታተምበት ማሽን፣ ሂት ፕሬስ፣ ላይም ቆሜያለሁ። የራሴ ብራንድ የለኝም፤ አሁን ለማንም አላትምም። እነዚህን ልብሶች ግን እገዛለሁ፣ እለብሳለሁ፣ አጥባለሁ። ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የአገር ውስጥ ቲሸርትና ሁዲ ልክ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይገምገም። ተገዝቶ፣ ተለብሶ፣ ታጥቦ።

አሁን ግምገማ የሚባለው ያለው ቲክቶክ ላይ ነው። አንዱ ሁዲ ለብሶ መስታወት ፊት ይዞራል፣ «ጨርቁ አንደኛ ነው» ይላል፣ የቴሌግራም ቻናሉን ይጠቁማል፣ አለቀ። ልብሱ በነጻ ይላክለት፣ ገዝቶት ይሁን፣ አይናገርም። ከሥር አንድ ሰው «ታጥቦ ለቀቀብኝ» ብሎ ሲጽፍ ደግሞ «የአገራችንን ልጆች እንደግፍ እንጂ!» እያሉ ይረባረቡበታል። ይሄ ያበሳጨኛል። ከሺህ ብር በላይ አውጥቶ የገዛ ሰው ከዚህ በላይ ምን አድርጎ ይደግፍ?

ምን ማለቴ እንደሆነ በራሴ ልብሶች ላሳያችሁ።

አንድ ጥቁር ቲሸርት አለኝ። ደረቱ ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ይሮጣል፤ ከሥሩ «ሮም» ይላል። ሥዕሉ ያምራል፣ እውነቴን ነው፣ የሣለው ልጅ እጁ ይባረክ። ግን አበበ ካናቴራ ላይ ያለው ቁጥር 17 ነው። 17 የቶኪዮው ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ። ያኔ ደግሞ አበበ የሮጠው ጫማ አድርጎ ነው። ሮም ላይ የለጠፈው 11 ቁጥርን ነው። ፎቶው በየቦታው አለ፣ አንድ ጊዜ አይቶ ማረም ይቻል ነበር። ታሪክ እየሸጥክ ከሆነ ታሪኩን ማጣራት የሥራህ አንዱ ክፍል ነው። እግረ መንገዴን ልበልና፣ የሮሙ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም ነው፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ። ይሄን ቀን በእኛው አቆጣጠር፣ በግዕዝ ቁጥር፣ ጀርባው ላይ አሳምሮ ያተመ ብራንድ ቢኖር መጀመሪያ ተሰልፌ የምገዛው እኔ ነበርኩ።

ወደ ጨርቁ ስንመጣ ስስ ነው። እጅን ከውስጥ አስገብቶ ወደ መስኮት ቢይዙት ጣቶች ይቆጠራሉ፤ ጥቁር ሆኖ እንኳን። ህትመቱ ዲቲኤፍ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ዲቲኤፍ ማለት ሥዕሉ መጀመሪያ ፕላስቲክ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ማጣበቂያ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከዚያ በሙቀት ተጭኖ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ለጥቂት ፍሬ ሥራ ይመቻል፤ ቀለሙም አይገደብም። አንዲት ትንሽ ብራንድ ሃያ ሠላሳ ቲሸርት ስታሳትም ይሄን ብትመርጥ አልፈርድባትም። ግን ደረትን በሙሉ የሚሸፍን ሥዕል በዲቲኤፍ ሲሠራ ልብሱ አየር አያስገባም። ቀን ላይ ያልባል። ከጥቂት እጥበት በኋላ ደግሞ ጠርዙ መነሳት ጀመረ፣ ቀጥሎ መሐሉ ተሰነጣጠቀ።

ሌላ ግራጫ ሁዲ አለኝ፣ ከሌላ ብራንድ የተገዛ። ይሄኛው ልብ ይሞላል። ደረቱ በግራ በኩል ትንሽ ጥልፍ አለ፣ ጀርባው ላይ በአንድ ቀለም የተሠራ ስክሪን ፕሪንት። ቀለሙ ጨርቁ ውስጥ ገብቷል፤ ዓይን ጨፍኖ በእጅ ቢዳስሱት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ጨርቁ ከባድ ነው፣ የሐምሌን ብርድ ይመክታል። ኮፍያው ድርብ ስለሆነ ራስ ላይ ሲደረግ አይዝለፈለፍም። የእጅጌው ጫፍ ወደ ላይ ተስቦ ሲለቀቅ ይመለሳል። ውስጡን ገልብጬ አየሁት፤ ስፌቱ የጨርቁን ጠርዝ እንዳይተረተር በሚይዘው ማሽን፣ በኦቨርሎክ፣ ተይዟል፣ የተንጠለጠለ ክር የለም። የሰፋው ሰው ሥራውን ያውቃል። ችግሩ የኮፍያው ገመድ ነው። ጫፉ ስላልተቋጠረ መጀመሪያ ሲታጠብ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ይሄን ቢነገራቸው በሚቀጥለው ዙር ያስተካክሉት ነበር። ማን ነገራቸው?

ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ያለበትም አለኝ። ሐሳቡ ከሁሉም ይበልጣል፤ የረዳቱ ጥሪ ጀርባው ላይ ተደርድሯል። ፊደሉ ግን ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቶ የተገኘው ኒያላ ነው፣ ያውም ቦታው እንዲሞላ ወደ ጎን ተለጥጦ። የሱቅ ማስታወቂያ በእጃቸው የሚጽፉ ሰዎች ያላቸው ፊደል እያለ ይሄ ያሳዝናል።

የብራንዶቹን ስም ያልጠራሁት በምክንያት ነው። አንድ ሰው አንድ ፍሬ ገዝቶ ባየው ነገር ስም ማጥፋት ተገቢ አይደለም፤ ምናልባት የደረሰኝ የዚያ ዙር ብልሽት ይሆናል። ጋዜጣ ግን ከአንድ ብራንድ ሁለት ሦስት ልብስ ገዝቶ፣ ወር አስለብሶ፣ ባለቤቱንም ጠይቆ በስም መጻፍ ይችላል። ለዚህ ነው ደብዳቤውን ለእናንተ የጻፍኩት።

ምን ይታይ ካላችሁኝ፣ ከክብደቱ ጀምሩ። የጨርቅ ክብደት በጂኤስኤም ነው የሚለካው፣ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም እንደሚመዝን ማለት ነው። 140 እና 150 ስስ ነው። 180 ለሁሉም ይሆናል። ልጆቹ አሁን የሚወዱት ሰፋ ያለው ኦቨርሳይዝ ቲሸርት ከ220 በላይ ካልሆነ ቅርጹን አይዝም፣ ሰውነት ላይ ይረግፋል። ሁዲ ከ300 በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀው፣ አብዛኛውን ጊዜም አያውቀውም፣ እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ቲሸርቶች ሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ህትመቱን ደግሞ በሁለት እጅ ይዞ ቀስ አድርጎ መለጠጥ ነው። ለስክሪን ፕሪንት የሚውለው ፕላስቲክነት ያለው ቀለም፣ ፕላስቲሶል የሚባለው፣ በደንብ የሚበስለው ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሲያገኝ ነው። ተቸኩሎ ከወጣ ላይ ላዩን የደረቀ ይመስላል፣ ሲለጠጥ ግን ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው ሳምንት አይቆይም። ከታጠበ በኋላ የጎኑን ስፌት እዩት። ጨርቁ ሲቆረጥ ተጣሞ ከነበረ ስፌቱ ዞሮ ወደ ሆድ ይመጣል፤ ያንን ካውያም አያስተካክለውም። አንገቱ ይላላ እንደሆነም እዩ።

እጥበቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የውጭዎቹ ግምገማዎች ማሽን ውስጥ በቀዝቃዛ ውኃ አጥበው ነው የሚነግሩን። እኛ ጋ አብዛኛው ቤት ልብስ የሚታጠበው በሳፋ፣ በኦሞ፣ በእጅ እየታሸ ነው። ከዚያ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ፀሐይ። በእጅ ማሸት ህትመት የሚጠላው ነገር ነው፤ ጠርዙን እየፈለፈለ ያነሳዋል። ፀሐዩ ደግሞ ጥቁሩን ያነጣዋል። ስለዚህ የእኛን ልብስ በእኛ እጥበት የሚፈትን የራሳችን ግምገማ ያስፈልገናል። ብዙ ቤት ህትመቱ ሲላቀቅ የምትወቀሰው ልብስ አጣቢዋ ናት። «አበላሸሽው» ትባላለች። ልብሱ ሲወጣም የተበላሸ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ ማንም እንዴት ይታጠብ አልነገራትም። ደረቱ ላይ ትልልቅ ፊደል የታተመበት ቲሸርት አንገቱ ውስጥ ያለው የእጥበት መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው! «ገልብጠው ይጠቡ፣ ህትመቱ ላይ ካውያ አያሳርፉ» ብሎ በአማርኛ ማተም ምን ያህል ያስወጣል? ይሄን ያደረገ ብራንድ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ካለ በስሙ አመስግኑልኝ።

ዋጋውን ደግሞ አትርሱ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚሉት ነገር ይቅር። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ለሸማቹ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። ፎቶው በአደባባይ፣ ዋጋው በጓዳ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ግምገማችሁ ዋጋውን ከነቀኑ ይጻፍ።

ልጆቹ ላይ ያለው ጫና አይገባኝም ማለት አይደለም። ጨርቁና ባዶ ቲሸርቱ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ቀለሙም፣ የዲቲኤፍ ወረቀቱም እንደዚያው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሲሄድ ይሄ ሁሉ ዋጋ አብሮ ሄዷል። አንዳንዱ ዋጋ ላለመጨመር ብሎ ጨርቁን አሳሳው። ይሄን በግልጽ ቢነግረን ኖሮ ብዙዎቻችን እንረዳው ነበር፤ ደብቆ ሲሸጥልን ነው ቅር የሚለን። ሙያው ደግሞ እዚሁ አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም ሲመረቅ ጀምሮ ስንትና ስንት ሴቶች የውጭ አገር ታላላቅ ብራንዶች በሚጠይቁት ደረጃ መስፋት ተምረዋል። በ2014 ዓ.ም አገራችን ለአሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ መሸጥ ከሚያስችለው አጎዋ ስትሰረዝ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች እዚያው ፓርክ ውስጥ የነበረውን ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ሥራ ያጡም አሉ። ትንንሾቹ ብራንዶች እነዚህን እጆች ፈልገው ቢያገኙ፣ የሰፊዋንም ሥራ እንደ ዲዛይነሩ ሥራ ቢቆጥሩት፣ ያቺ ግራጫ ሁዲ ብርቅ አትሆንብንም ነበር።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ያትማሉ። በሰኔ መጨረሻ ገደማ የሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን እግር ኳስ ውድድር ላይ የሄደ ሰው የሚሸጠውን ቲሸርት ብዛት ያውቃል። እዚያ አንድ ጥሩ ነገር አለ። የሚያትሙበትን ባዶ ቲሸርት ስም ከነገሩህ፣ ጊልዳን 5000 ነው ካሉህ ለምሳሌ፣ ክብደቱ 180 ጂኤስኤም አካባቢ እንደሆነ ራስህ ፈልገህ ታገኘዋለህ። የእኛዎቹም ጨርቁን ከየት እንዳመጡት ቢናገሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

አንድ ነገር ልጨምር። ለረጅም ጊዜ የታተመ ቲሸርት ለእኛ የስጦታ ልብስ ነበር። ከ1994 ዓ.ም ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የታላቁ ሩጫ፣ በምርጫ ሰሞን የፓርቲ፣ በስብሰባ የድርጅት፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ደግሞ የባች፣ ማለትም አብረው የገቡ ተማሪዎች፣ እና የጂሲ፣ ማለትም የተመራቂዎች። ታጥቦ ቢለቅም ማንም አልጠየቀም፣ የቤት ልብስ ሆነ፣ ቀጠለ። አሁን ግን አንድ ተማሪ ከቁርሱ እየቀነሰ አጠራቅሞ ነው የሚገዛው። የካቲት 23 ሲደርስ የዓድዋን ቲሸርት ለብሶ ምኒልክ አደባባይ ለመውጣት ብሎ። ለዓመቱም ያንኑ ለብሶ እንዲወጣ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ይሄ ነው። በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ስጡት። በጋዜጣው ገንዘብ ግዙ፣ በነጻ አትቀበሉ፤ ከተቀበላችሁም ጻፉት። ሱቅ ሄዳችሁ እንደ ማንኛውም ሰው ግዙ እንጂ ጋዜጠኛ ነን አትበሉ። በእጅ አሳጥቡት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት። ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ያለውን ፎቶ ጎን ለጎን አውጡ። ለባለቤቱም መልስ የሚሰጥበት ቦታ ይኑረው። ጥሩ የሠራውን በስሙ አወድሱት፤ የሰፋችውን ሴት ስም ጭምር ጠይቃችሁ ጻፉ። ጨርቅ የሚመዝንና ህትመት ለይቶ የሚያይ ሰው ካስፈለጋችሁ፣ ክፍያ አልጠይቅም፣ እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፤ ከልደታ፣ አዲስ አበባ