የጅረት ምርመራው እንዳይቋረጥ፦ ዳግም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፣

እንደምታውቁት በጅረቱ ድንጋይ ሥር የሚኖሩ ትናንሽ ነፍሳትን እየለየን የውሃውን ንጽሕና የምንመረምርበት የናሙና ክፍላችን ጣሪያ በዝናቡ ከተደረመሰ ወዲህ ሥራው ቆሟል። ማይክሮስኮፑ ተርፏል፤ መረቦቹ ግን ተቀደዋል፣ ጠርሙሶቹም አብዛኞቹ ተሰብረዋል። በመጀመሪያው ጥሪ የተገኘው ገንዘብ ለጣሪያው ቆርቆሮ እንኳ አልበቃም። መጠየቁ እኛንም አድክሞናል፤ ሆኖም ደግመን እንጠይቃለን። ገቢ የሚደረገው በማኅበሩ የጋራ የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ «የጅረት ምርመራ» ብላችሁ ጻፉ።

«ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ለላቦራቶሪ መስጠት አይቀልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ዛሬም ይነሣል። የተቀዳ ውሃ የሚናገረው ስለ ተቀዳበት ሰዓት ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት አልፎ ይሄዳል። ድንጋይ ሥር የሚኖር እጭ ግን ወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ እዚያው ይቆያል፤ ያለፈውን ሁሉ ተሸክሞ ይጠብቀናል። ቆሻሻ ሲገባ ባክቴሪያ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ስቶንፍላይና አብዛኛው ሜይፍላይ የተባሉት፣ እጫቸው በውሃ ውስጥ የሚያድግ ነፍሳት ይጠፋሉ። ኦክስጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን ያለው ቀዩ የካይሮኖመስ (የማይናከስ ትንኝ መሰል ነፍሳት) እጭና የጭቃ ትሎች ደግሞ ቦታውን ይወርሱታል።

የማይክሮስኮፑ ወጪ ብዙ አስወቅሶናል። ምክንያቱ ይኸው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በተዘጋጀው የነጥብ አሰጣጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ (የሚዛመዱ ዓይነቶች ስብስብ) ከ1 እስከ 10 ነጥብ ያገኛል፤ ብክለትን የማይችለው ከፍ ያለ፣ የሚችለው ዝቅ ያለ፤ ድምሩ ለቤተሰቦቹ ብዛት ሲካፈል የጅረቱ አማካይ ይወጣል። ሄፕታጀኒዴ የተባለው የሜይፍላይ ቤተሰብ 10፣ ባኤቲዴ የተባለው ግን 4 ብቻ ነው። «ሜይፍላይ አየን» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም ማለት ነው። ጅራት ቆጥሮ መለየትም ያሳስታል፤ ስቶንፍላይ ሁለት፣ ሜይፍላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጅራት ቢኖረውም ባለ ሁለት ጅራት ሜይፍላይም አለ። የሚያስተማምነው የእግር ጫፍ ነው፦ ስቶንፍላይ በእያንዳንዱ እግር ሁለት ጥፍር አለው፣ ሜይፍላይ አንድ። ይህ በባዶ ዓይን አይታይም።

ከመንደር በላይ ያለውን ንጹሕ ጣቢያ (ናሙና የምንወስድበትን ቦታ) መመርመርም «ብክነት» ተብሏል። የእኛ መልስ አጭር ነው፦ ያለ እሱ ከመንደር በታች የሚገኘው ነጥብ ትርጉም የለውም። በአብዛኛው አፍሪካ የስቶንፍላይ ዓይነት እጅግ ጥቂት ስለሆነ የአውሮፓ ሠንጠረዥ እንዳለ ቢወሰድ ንጹሕ ጅረት ሁሉ የታመመ ይመስላል። ማወዳደር ያለብን ከራሱ ከጅረቱ የላይኛው ክፍል ጋር ነው።

አልኮሉስ ለምን በእጥፍ ይገዛል? ናሙናው ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ ኢታኖል መቀመጥ አለበት። ከናሙናው ጋር የገባው ቅጠልና ውሃ ግን ያቀጥነዋል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተቀየረ እጮቹ ይበሰብሳሉ፣ የሜይፍላይ እግርና ስንጥብ ይረግፋል፣ ከዚያ ማንም ሊለየው አይችልም። መለያው ወረቀት በእርሳስ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል።

ከጣሪያው ቀጥሎ አሁን የሚያስፈልገን ሁለት መረብ፣ ባለ 1 ሊትር ሰፊ አፍ ጠርሙሶች፣ ኢታኖል፣ ጫፈ ቀጭን ወረንጦዎች፣ ነጭ ትሪዎችና የውሃ ቦቲዎች ናቸው። በተቀደደ መረብ ትናንሾቹ እጮች ስለሚያመልጡ ጅረቱ ካለበት የከፋ ይመስላል፤ በዚያ መረጃ ማንንም መክሰስ ግፍ ነው። ሥራው የሰለጠነ ሰውም ይፈልጋል፤ ሰልጥነው የጨረሱት ወጣቶቻችን በነጻ ያገለግላሉ። ውሃው ድንጋይ ላይ እየተንሿሿ በሚወርድበት ስፍራ ለ3 ደቂቃ በእግራቸው ወለሉን ያውካሉ፣ የመረቡን አፍ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙረው የሚንሳፈፈውን ይቀበላሉ። ከታችኛው ጣቢያ ጀምረው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በየጣቢያውም መረቡን ያጥባሉ። ከከባድ ጎርፍ በኋላ 2 ወይም 3 ሳምንት ይጠብቃሉ፤ ጎርፍ ራሱ እጮቹን ጠራርጎ ስለሚወስድ ብክለት ይመስላል።

ይህ ምርመራ የትኛው ኬሚካል እንደገባ አይናገርም። የት መፈለግ እንዳለብን ግን ይጠቁማል፤ ለላቦራቶሪ የሚወጣውም ገንዘብ እዚያ ላይ ብቻ ይውላል።

ውሃ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ከላይ ያለ ሰውም ከታች ለሚጠጣው አደራ አለበት። አቅም የሌላችሁ በጉልበት አግዙን። አሁንም እንደግማለን፦ የማኅበሩ የጋራ ሂሳብ ብቻ፣ ምክንያቱ «የጅረት ምርመራ»፣ የደረሰኙ ቅጂ ለሂሳብ ሹሙ። በግለሰብ ስም የሚጠይቃችሁ ካለ አትስጡ። መረብ በዓይነት የምትሰጡ፣ ቀዳዳው 0.5 ሚሊሜትር መሆኑን አረጋግጡ፤ የአልጋ አጎበር ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ አይሆንም።

ኮሚቴው