ፎቶው ጅሬን እንጂ አዲስ አበባ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ኢትዮጵያ ስካውት ታሪክ ያወጣችሁትን ዘገባ ብዙ ሰው እንዳነበበው አውቃለሁ። እዚህ ጅማ ጋዜጣውን ይዘው ቤቴ ድረስ የመጡ አሉ። ዘገባው ደህና ነበር የጀመረው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ስለነበሩት ስካውቶች የጻፈው ትክክል ነው። የስካውት መሥራች ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ ደሴት ላይ 20 ልጆች ይዞ ካምፕ መውጣቱንም አልዘነጋም። ጸሐፊው ከእንግሊዝ ደሴት እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ አሳምሮ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ጅማ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ነው የከበደው።

የምጽፈው ስለ ፎቶው ነው። ገጹ መሃል ላይ ያለውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ያላየ አንባቢ የለም። ቁምጣ የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ ሻሽ ያሰሩ ልጆች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ከሥሩ «የአዲስ አበባ ስካውቶች» ተብሎ ተጽፏል። አይደሉም። የጅማ ልጆች ናቸው። የቆሙትም ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ነው።

ዝም ብላችሁ እመኑኝ አልልም። ፎቶውን እንደገና አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከልጆቹ ኋላ፣ በቀኝ በኩል የእንጨት ሰገነት ይታያል። አዲስ አበባም የእንጨት ሰገነት ያላቸው የድሮ ቤቶች አሉ፤ የሼህ ሆጀሌ ቤት አንዱ ነው። ስለዚህ ሰገነቱ ብቻውን አይበቃም ብትሉኝ እቀበላለሁ። ግን በግራ በኩል መሬቱ ወዴት እንደሚወርድ እዩ። ቁልቁል ወርዶ ርቆ የሚታየው ሜዳ ጅማ ከተማ ያረፈችበት ነው። ጅሬን የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቤተ መንግሥቱ ከከተማው ቢርቅ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ የኖሩበት ቤት ስለሆነ የጅማ ልጅ በሕፃንነቱም አይስተውም። አንድ የጅማ ሰው ጠርታችሁ ብታሳዩት ኖሮ ወዲያው ይነግራችሁ ነበር። በዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሃል አንድ የጅማ ሰው ጠፋ? ቢጠፋስ ስልክ የለም?

ይህ ካልበቃ ሌላ ማስረጃ አለኝ። የዚያው ፎቶ ቅጂ ቤቴ ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ፎቶ ቤቱ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ አጥቦ ሰጥቶናል። በእኔ ቅጂ ጀርባ አሠልጣኛችን በእጃቸው «ጅሬን» ብለው ጽፈውበታል። ከፊት ረድፍ ከግራ ሦስተኛው ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ። በዚያ ዕድሜዬ አዲስ አበባን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ከፎቶ ሥር የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፣ ይህን ያህል ምን ያናድዳል የሚል አይጠፋም። ያናድዳል። ፎቶውን ለገጽ ማሳመሪያ ብቻ አላስገባችሁትም። ከሥሩ ያለው አንቀጽ ስካውት ከዋና ከተማው ሳይወጣ ደርግ እንደደረሰበት ይናገራል። የክፍለ ሀገር ልጅ ስካውት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር ማለት ነው። ይህን ለማስረዳት ያቀረባችሁት ፎቶ ላይ የቆሙት የክፍለ ሀገር ልጆች ናቸው! የእኛን ፊት ወስዳችሁ እኛ እንዳልነበርን መሰከራችሁበት። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ ይደረጋል?

እስቲ በእርጋታ እንነጋገር። ጅማ በዚያ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ከኦክላሆማ በመጡ አሜሪካውያን እርዳታ ተከፍቶ ከተለያየ የአገሪቱ ክፍል ተማሪ ያመጣ ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጡ። የቡና ገንዘብ የሚንቀሳቀስባት፣ አውሮፕላን የሚያርፍባት ከተማ ናት። አዲስ አበባ ተምሮ እዚህ የተመደበ መምህር ሻንጣው ውስጥ የስካውት ሻሹን ይዞ ቢመጣ ማን ይከለክለዋል? የእኛም ቡድን በእንደዚህ ዓይነት መምህር ነው የተጀመረው። መምህሩ ሲቀየር ቡድኑ ይዳከማል። ሌላ ሲመጣ ደግሞ ይነሣል። ብዙ ወረቀት አልነበረንም። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ መዝገብ ብቻ የሚያገላብጥ ሰው እኛን ሊያገኘን አይችልም። ስላላገኘን ግን አልነበሩም ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት ጋዜጠኝነት ነው?

አደረጃጀታችን በሌላው ዓለም ካለው ስካውት የተለየ አልነበረም። ሁላችንም በትናንሽ ቡድን ተከፍለን ነበር። በአንዱ ቡድን ስድስት፣ ሰባት፣ ቢበዛ ስምንት ልጅ ይሆናል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ መሪ አለው፤ መሪውም ከእኛው መሃል የተመረጠ ልጅ ነው። አስተማሪው ዳር ቆሞ ያያል። የስካውት ትልቁ ነገር ለእኔ ይኼ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ሰባት ልጆች ይዞ ጫካ ሄዶ፣ አብልቶና አስተኝቶ በሰላም መመለስ እንደሚችል የሚያምን ሌላ ማን ነበር? ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በል የምንባል ልጆች ነን።

ቡድኖቹ በእንስሳ ስም ይጠራሉ። የእኛ ጉሬዛ ይባል ነበር። አንበሳና ነብር የተባሉት ይንቁን ነበር፤ በቋጠሮ ግን የሚደርስብን አልነበረም። አዌቱ ወንዝ ላይ ውኃው ሲጎድል ገመድ ወጥረን መሻገር ተለማምደናል። ጉማሬ አለበት እየተባለ ወደሚፈራው ወደ ቦዬ ረግረግ በእግር ሄደን ዳር ዳሩን ካርታ ስለናል። የተሰበረ እጅ በእንጨት ደግፎ ማሰር፣ ከሁለት ዱላና ከሁለት ሸሚዝ ቃሬዛ መሥራት እናውቅበታለን። ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። ከመካከላችን በኋላ ሐኪም የሆነ አለ፤ የመጀመሪያውን ፋሻ የጠቀለልኩት እዚያ ነው ይላል።

ዘገባችሁ ጨርሶ ያላነሣው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ነገርም አለ። የስካውት ቃል ኪዳን መጀመሪያ የሚያነሣው ፈጣሪን ነው። ጅማ ላይ ሦስት ጣቱን አንሥቶ ያንን ቃል የሚገባው ልጅ ሙስሊምም ነው፣ ክርስቲያንም ነው። ካምፕ ስንወጣ ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛው ሽሮ ለብቻው ይጣዳል። የሶላት ሰዓት ሲደርስ እኛ ውኃ እንቀዳለን፣ እነሱ እስኪሰግዱ ዕቃቸውን እንጠብቃለን። ኦሮምኛ የሚያውቀው ለማያውቀው ያስረዳል። የከፋ ልጅ ነበር፣ የዳውሮ ልጅ ነበር፣ የየም ልጅ ነበር። ስለ መቻቻል ስብሰባ የጠራልን ሰው የለም። እሳቱ አንድ ነው፣ ተራ መያዝና መስማማት ግድ ነበር። ይህ ታሪክ ጋዜጣችሁ ላይ ቢወጣ ኖሮ ዛሬ ስንት ሰው ይጠቅም ነበር!

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሆነውንም በአንድ መስመር አልፋችሁታል። «ማኅበሩ ፈረሰ» ብላችሁ አበቃችሁ። እንዴት እንደፈረሰ ልንገራችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ የስካውት የበላይ ጠባቂ ስለነበሩ ሻሽ ያሰረ ልጅ አድኃሪ ለመባል ጊዜ አልፈጀበትም። በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሄዱ። አንዳንዶቹ ሲመለሱ ከተማው ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ ወጣት ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ሆነ። ከዚያ በፊት፣ የቤት ለቤት አሰሳው በበረታበት ሰሞን፣ እናቴ ሻሼንና ቀበቶዬን ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው። ፎቶውን ከቁም ሳጥን ጀርባ ለጥፋ አተረፈችልኝ። አብረውኝ ከቆሙት መሃል በዚያ ዘመን የቀሩ አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ቤተሰባቸው ያውቀዋል። እናንተ «የአዲስ አበባ ስካውቶች» ያላችኋቸው እነሱን ነው። የአንዱ እህት ጋዜጣውን አይታ ደውላልኝ ነበር። ወንድሟን ከጅማ ስለነቀላችሁባት አለቀሰች።

ለዓመታት ይህን ታሪክ የሚቀበለኝ ሳፈላልግ ኖሬያለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ፎቶዎቹን ልስጥ ብዬ ብሄድ የድጋፍ ደብዳቤ ያምጡ ተባልኩ። ሊሰጥ የመጣን ሰው ደብዳቤ የሚጠይቁት ከማን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ዘገባው እንደወጣም ለእናንተ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና «ጋሼ፣ በኢሜይል ይላኩልን» አለችኝ። የልጅ ልጄ ላከልኝ። መልስ አልመጣም። ድረ ገጻችሁ ላይ ፎቶው ከነስህተቱ ተቀምጧል፤ ሌሎችም እየወሰዱ እያጋሩት ነው።

በዚህ ላይ ከሁሉ የከፋው የልጆቹ ነገር ነው። ዛሬም ሻሽ አስረው የሚሰበሰቡ የጅማ ልጆች አሉ። አንዱ ጋዜጣችሁን አንብቦ «ጋሼ፣ ጅማ ላይ ስካውትን የጀመርነው እኛ ነን አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ምን ያድርግ? የታተመ ነገር ነው ያነበበው። አያቱ የጉሬዛ ቡድን ልጅ እንደነበሩ ስነግረው ግን ጆሮውን ማመን አቃተው። ቤቴ ገብቶ ፎቶውን እስኪያይ ድረስ እየቀለድኩበት መስሎት ነበር።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን፣ ከፎቶው ጋር አውጡልን። ማስታወቂያ ሥር በምትደበቅ አንዲት መስመር አንቀበልም። ከሥሩ «የጅማ ስካውቶች፣ ጅሬን» ብላችሁ ጻፉ። ድረ ገጹ ላይ ያለውንም ዛሬውኑ አስተካክሉ። ከዚያ ጋዜጠኛችሁን ላኩት። በሕይወት ያለነውን እኔ እሰበስብለታለሁ፤ ከአጋሮም የሚመጡ አሉ። ስንሰበሰብ እስከዚያ ድረስ የማናስታውሰው ስም ይወጣል፣ አንዱ የሌላውን ያርማል። እንዲህ ነው ሊጻፍ የሚገባው። ግን ይፍጠን፤ ሁላችንም ሸምግለናል።

ፎቶዬንም አሳየዋለሁ። ፊቱንም ጀርባውንም በስልኩ ያንሣው። ዋናውን ግን ከእጄ አላወጣም።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ ስካውትና ጡረተኛ መምህር
ከጅማ