የግንባር ባትሪያችሁን ለክረምት ከማስቀመጣችሁ በፊት

ውድ የቡድናችን አባላት፣

ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ በሌሊት ተነሥተን የጦሳን ተራራ መውጣታችንን ስላቆምን፣ ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪያችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥታችሁ ለብቻ እንድታኖሯቸው በአክብሮት አሳስባለሁ። እኔ ባለፈው ዓመት ይህን ባለማድረጌ፣ መስከረም ላይ ክዳኑን ስከፍተው ድንጋዮቹ ፈሳሽ አውጥተው ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ጋግሮ አገኘሁ። አልካላይን ከሚባለው የድንጋይ ዓይነት የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል፣ ጓንት አድርጎ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ በነካ ጥጥ ቀስ እያሉ መጥረግ፣ ቀጥሎም በእርጥብ ጨርቅ አብሶ ክዳኑን እንደከፈቱ በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ የእኔም ባትሪ እንዲህ ከጸዳ በኋላ እንደገና በርቷል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ መቀላቀልም አሮጌው ቀድሞ አልቆ ፈሳሽ እንዲያወጣ ስለሚያደርገው፣ እባካችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ።

በቻርጅ የሚሠሩት የሊቲየም ባትሪዎች ግን ባዶአቸውን ሲቆዩ ስለሚጎዱ፣ ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጧቸው፤ በየ3 ወሩም ተመልከቷቸው። ላብ የጠጣው የላስቲክ ማሰሪያ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ።

የመስከረሙ ጉዞ ሲቃረብ፣ የንጋት ብርድ የድንጋይን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ሁላችሁም ዋዜማውን አብርታችሁ እንድትሞክሩና ትርፍ ድንጋይ በውስጥ ኪሳችሁ እንድትይዙ እጠይቃለሁ።