አይጠየፍን ገብቼ አየሁት

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቅባቱን ማታ ማታ እንዲያሹልዎ አደራ ብዬ ነበር የወጣሁት። ስልክ ላይ እንደማይሰማዎ አውቃለሁና ጻፍኩልዎ። ልጅቷ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ባለፈው ሰሞን ከኮምቦልቻ «ደሴ ደርሼ ልምጣ» ብዬ የወጣሁት ለገበያ አልነበረም። አይጠየፍን ለማየት ነው። ልጅ ሆነን በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፈናል! አንድ ቀን ግን ገብቼ አላውቅም ነበር። ስሙ ብቻ ይገርመኝ ነበር። ሌላው ቤተ መንግሥት ብዙ ጊዜ የንጉሥ ስም ይሰጠዋል። ይሄ «አይጠየፍ» ይባላል።

የሚያስጎበኘን ልጅ ወጣት ነው፤ ተናግሮ ያስረዳል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው አለን። ደሃ ጌታ፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ሁሉን ያበላ ስለነበር፣ ማንንም ስለማይጠየፍ ስሙ ከዚያ መጣ አለን። አንዱን የእንጨት ምሰሶ በእጄ ዳሰስኩት። መሐሉ በሰው እጅ ብዛት ልስልስ ብሏል። ስንት ሰው ተደግፎት ይሆን እያልኩ ቆምኩ። ደስ አለኝ፣ አባዬ። የወሎ ሰው መሆኔ ደስ አለኝ።

ልጁ ቀጠለ። ንጉሡ በ1888 ከወሎ ፈረሰኛ ጋር ዓድዋ እንደዘመቱ፣ በ1906 እዚሁ ደሴ እንደነገሡ፣ በ1909 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው እንደተማረኩ ነገረን። ሲጨርስ እጄን አወጣሁ። «ሚካኤል ከመባላቸው በፊት ስማቸው ማን ነበር?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መሐመድ ዓሊ» አለ።

አብረውን ሲጎበኙ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቱግ አሉ። «ይሄን ምን አነሳሽው? ተዋደን እየኖርን!» አሉኝ። ከኋላ የነበረች ሴትዮ ደግሞ «ታዲያ ውሸት ነው? የሆነው ይነገር እንጂ» ብላ መለሰችላቸው። ልጁ በመሐል ግራ ገባው። እኔም አፈርኩ። ግን በመጠየቄ አልጸጸትም።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። ከብት ይግጣል፣ ሣሩ ረጥቧል፣ ጫማዬ ውሃ ገባበት። እዚያ ሜዳ ላይ ነው በ1870 ዐፄ ዮሐንስ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ይዘው ጉባኤ የተቀመጡት። መጀመሪያ የክርስቲያኖቹን ክርክር ቆረጡ፤ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚሉት፣ የሦስት ልደት ሰዎች፣ ተረቱ። ቀጥሎ ተራው የሙስሊሙ ሆነ። ሹማምንቱ ወይ ይጠመቁ ወይ ሹመታቸውን ይልቀቁ ተባለ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ናቸው። ሌላው የወሎ ገዥ አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የእሳቸው የክርስትና አባት ምኒልክ ሆኑ።

መኳንንቱስ በጥምቀቱ ሹመታቸውን አተረፉ። ገበሬው ምን አገኘ? ግዴታው እሱም ዘንድ ደረሰ። እምቢ ያለው ተገደለ፣ ተሰደደ። የወሎው ዓሊም ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር ጦር አንስተው ሸፈቱ። የቀረው ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ይሄን ሁሉ ወሎ ላይ ካስፈጸሙት አንዱ ደግሞ እኒያው የአይጠየፍ ጌታ ናቸው። ሰው ሳይንቅ የሚያበላ እጅ፣ ሰው ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ያስገደደም እጅ ነው። ለእኔ ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ለመናገር ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ከሁሉ አንጀቴን የበላው ግን የልጃቸው ነገር ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ክስ «ሰልመዋል» የሚል ነበር። አባትየው ለሥልጣን ሲሉ ስማቸውን ለወጡ። ልጅየው በዚያው በአባታቸው የድሮ ሃይማኖት ተከሰው ሥልጣናቸውን አጡ። ሜዳው ላይ ቆሜ ይሄን ሳስብ እንባዬ መጣ።

አባዬ፣ አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ፊት ለፊት ልጠይቅዎ ፈልጌ ሦስት ቀን ሙሉ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ትዝ ይልዎታል? ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር ስንኖር አያቴ ቡና አፍልታ፣ ዱዓ አድርጋ፣ እጣኑ ቤቱን ሞልቶት፣ «የእኛ አያት እኮ ሁለት ስም ነበራቸው» ብላ ጀመረች። እርስዎ ስኒውን አስቀምጠው «በቃ፣ እማ፣ ይሄ ወሬ ይቅር» አሉ። እሷም ተወችው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስኒው ረከቦቱ ላይ ሲቀመጥ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እርስዎ ሸዋ በር መስጊድ ሲሰግዱ፣ የአጎትዎ ልጆች መድኃኔዓለም ይሳለማሉ። ለዒድ እነሱ ይመጣሉ፣ ለገና እኛ እንሄዳለን። ለምን እንዲህ ሆንን ብዬ በጠየቅኩ ቁጥር «ወሎ እንዲህ ነው» ይሉኛል። እሺ፣ ወሎ እንዲህ ነው። ግን እንዴት እንዲህ ሆነ? ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ተጠምቆ፣ አንዱ ተሰዶ ነው? ወይስ አንድ ሰው በሁለት ስም ኖሮ፣ ልጆቹ አንዳንድ ስም ተካፍለው ነው? እነዚያ ሰዎች ቂም ሳይዙ አንድ ማዕድ ላይ መቀመጣቸውን ለአይጠየፍ አዳራሽ አልሰጠውም። ያ የቤታችን ሰዎች ሥራ ነው። ምን ችለው፣ ምን ውጠው እንደሆነ ግን አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ።

ያኔ ዝም ያሉት ልጆቹ እንዳንጣላ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። አሁን እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ። አልጣላም፣ አባዬ። አላጣላምም።

ለዒድ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ሦስት ቀን እቀመጣለሁ። የደሴው ብርድ እንዳያምዎ እዚያው ኮምቦልቻ በረንዳው ላይ ሆነን እናወራለን። ከድካምዎ የተነሳ ሁሉን ባይነግሩኝም ቅር አይለኝም። የዘር ሐረጋችንን በደብተር ጀምሬዋለሁ፤ ከእርስዎ ተነስቼ ወደ ላይ ሦስት ስም ጽፌያለሁ። ከሦስተኛው በላይ የቅድመ አያትዎ ቦታ ነው። እዚያ ሁለት መስመር ባዶ ትቻለሁ።

እጅዎን እስማለሁ።

ልጅዎ